ወበቅና ሐሩር አንድ አይደሉም

 

"እሷ የቆላ ልጅ ናት፣ ሙቀት ምን ያደርጋታል?"

ይህን አባባል ከዙህር በኋላ መስጂድ በር ላይ፣ ሰደቃ ላይ፣ መንገደኛ ሲሸኝ ደጋግሜ እሰማዋለሁ። ልጁን ወደ ጅዳ ወይም ወደ ደማም የሚሸኝ አባት ራሱን ያጽናናበታል። ደላላውም ያቺኑ አባባል ይዞ ቤት ለቤት ይዞራል። ከባቲ፣ ከሐርቡ፣ ከከሚሴ ወይም ከሎግያ የሄደች ልጅ ከፀሐይ ጋር ስላደገች የዐረብ አገር ሙቀት አይበግራትም ነው ነገሩ።

አባባሉ ልክ አይደለም። ሰው የሚጎዳ ስህተት ስለሆነም ዛሬ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልጻፍበት። አንብባችሁ ዐረብ አገር ላለ ዘመድ ብታደርሱት ደስ ይለኛል።

አማርኛችን ለሙቀት ሁለት የተለያዩ ቃላት አሉት። ሐሩር የምንለው የሰመራንና የሚሌን ዓይነት ነው፤ ከንፈር የሚሰነጥቅ፣ ነፋሱ እንደ ምድጃ ወላፈን ፊት የሚገርፍ፣ ደረቅ ሙቀት። ወበቅ የምንለው ደግሞ አየሩ የሚከብድበት፣ ልብስ ገላ ላይ የሚጣበቅበት፣ ትንፋሽ አጥር አጥር የሚልበት ሙቀት ነው። ድሮ አሰብ ወደብ የሠሩ አባቶች ልዩነቱን ሲያወሩ ሰምቼ ነው ያደግሁት። የሚሌን በረሃ አቋርጠው አሰብ ሲደርሱ ቴርሞሜትሩ ዝቅ ብሎ እንኳ ሰውነታቸው ይበልጥ ይጨነቅ ነበር። ባሕሩ ዳር የነበረው ወበቅ ነው።

ይህን ለመረዳት የሳይንስ መጽሐፍ መግለጥ አያስፈልግም፤ ውዱእ ይበቃል። ሰመራ ላይ ውዱእ ያደረገ ሰው ሶፍ እስኪገባ ክንዱ ይደርቃል። ሲደርቅም ቀዝቀዝ ይለዋል። ጅዳ በነሐሴ ማታ ውዱእ ያደረገ ሰው ግን ውሃው ክንዱ ላይ ይቆያል። ላብ ይጨመርበታል፤ ኢማሙ አሰላሙ ዓለይኩም ብሎ ሲጨርስ የቱ የውዱእ ውሃ፣ የቱ ላብ እንደሆነ አይለይም። መነጽር ያደረገ ደግሞ ከቀዘቀዘ ቤት በሩን ከፍቶ ሲወጣ መነጽሩ ጉም ለብሶ ለትንሽ ጊዜ ምንም አያይም።

ምክንያቱ ይህ ነው። አላህ ለሰው ገላ የሰጠው ትልቁ ማቀዝቀዣ ላብ ነው፤ ላብ ግን ስለወጣ ብቻ አያቀዘቅዝም። የሚያቀዘቅዘው ከገላ ላይ ሲተን ነው። አንድ ሊትር ላብ ሙሉ በሙሉ ሲተን ወደ 580 ኪሎ ካሎሪ የሚጠጋ ሙቀት ከሰውነት ይዞ ይሄዳል። እናቶቻችን በእንስራ ያስቀመጡት ውሃ የሚቀዘቅዘውም በዚሁ መንገድ ነው፤ በሸክላው ቀዳዳ ያዣል፣ ነፋስ ይወስደዋል፣ የቀረው ይበርዳል። አየሩ ራሱ በውሃ ተን ከጠገበ ግን ላቡን የሚቀበል የለም። ጠብ ጠብ ብሎ መሬት የወረደ ላብ ገላን አላቀዘቀዘም፤ ውሃና ጨው ብቻ ይዞ ወጣ። የቆላ ልጅነት የሚጠቅመው ላብ መትነን እስከቻለ ድረስ ነው። ሰውነቷ ሙቀት ስለለመደ ቶሎና ብዙ ታልብ ይሆናል፤ ላቡ ካልደረቀ ግን ያ ልማድ ቶሎ ውሃ ማጣት ይሆንባታል።

በቁጥር ማየት ለሚፈልግ፦ የአሜሪካ የአየር ሁኔታ አገልግሎት በሚጠቀምበት ስሌት፣ ጥላ ሥር 40 ዲግሪ ሆኖ የአየሩ እርጥበት 10 በመቶ ቢሆን ለገላ የሚሰማው ወደ 37 ዲግሪ ነው። 34 ዲግሪ ሆኖ እርጥበቱ 70 በመቶ ቢሆን ግን የሚሰማው ወደ 47 ይጠጋል። ስለዚህ "ዛሬ 34 ነው" ያለችው የጅዳ ልጅ "ዛሬ 40 ነው" ካለው የሰመራ ወንድሟ የባሰ ሙቀት ውስጥ ልትሆን ትችላለች። እኛ ግን ትልቁን ቁጥር ሰምተን ለወንድሟ እናዝናለን።

ከዚህ ሁሉ የከፋው የተመዘገበው በሳዑዲ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ ደማም አጠገብ ባለችው ዘህራን ነው። በሐምሌ 8 ቀን 2003 በፈረንጆች አቆጣጠር ቴርሞሜትሩ 42 ዲግሪ ሲያሳይ፣ ከእርጥበቱ ጋር ተደምሮ ለገላ የሚሰማው ወደ 81 ዲግሪ ተሰልቷል። ሱብሓነላህ! አጥኚዎች የቴርሞሜትርን ጫፍ በእርጥብ ጨርቅ ሸፍነው የሚለኩት ሌላ ልክም አለ። ያ ልክ 35 ከደረሰ ጤነኛ ሰው ጥላ ሥር ተቀምጦ፣ ውሃ እየጠጣ እንኳ ለብዙ ሰዓት አይቋቋመውም ይባላል። በጤነኛ ወጣቶች ላይ የተደረገ ሙከራ ደግሞ ሰውነት መሸነፍ የሚጀምረው ከዚያም በታች፣ 30 እና 31 አካባቢ እንደሆነ አሳይቷል። ልብስ የምትተኩስ፣ ደረጃ የምታጥብ፣ ሦስት ምድጃ ፊት የቆመች ሴት ደግሞ ጥላ ሥር የተቀመጠች አይደለችም።

እዚህ ላይ ከወቅት ጋር የተያያዘ አንድ ነገር አለ። ዐረቦቹ ሶይፍ የሚሉት፣ በሱረቱ ቁረይሽ ከሁለቱ ጉዞዎች የአንዱ ወቅት ሆኖ የተጠቀሰው፣ የእነሱ የሙቀት ወራት ነው። ሲከፋ የሚውለው በእኛ ክረምት ነው። ደሴ ያለች እናት በነሐሴ ጉም ውስጥ ጋቢ ተከናንባ፣ ከሰል ላይ እጇን እያሞቀች በኢሞ ለልጇ ስትደውል፣ ልጇ በዚያኑ ሰዓት በላብ ተጠምቃለች። ልጅቷ "ሩጡባው ገደለኝ" ትላለች። ሩጡባ ማለት እርጥበት ነው። እናት እርጥበት ስትሰማ የምታስበው የደሴን ብርድ፣ የሻገተ ግድግዳና ያልደረቀ ልብስ ነው። "ምነው እርጥበት ካለማ ቀዝቅዟል አይደል?" ብላ ታልፈዋለች። ሁለቱም እውነት ተናገሩ፤ ግን አልተግባቡም።

በመቶ የሚነገረውም ቁጥር ያሳስታል። ቀዝቃዛ አየር የሚሸከመው የውሃ ተን ትንሽ ነው፤ ሞቃት አየር ብዙ ይሸከማል። የደሴ 90 በመቶ ከጅዳ 60 በመቶ እጅግ ያነሰ ውሃ ነው። ለዚህ የሚሻለው መለኪያ አየሩ ስንት ዲግሪ ላይ ቢወርድ ጤዛ ይሆናል የሚለው ነው። ጤዛው በ10 ዲግሪ የሚወርድ ከሆነ አየሩ ቀላል ነው። 24ን ሲያልፍ ይጨንቃል። በባሕረ ሰላጤው ዳርቻ በሶይፍ ወደ 30 የሚጠጋበት ጊዜ አለ። ይህን መከታተል ለሚከብደው የስልኩ የአየር ሁኔታ ገጽ ላይ "ፊልስ ላይክ" የሚል መስመር አለ፤ ትልቁን ቁጥር ትቶ እሱን ይመልከት።

ዝናብስ? እኛ አገር ወበቅ የዝናብ መልእክተኛ ነው። በሰኔ ከሚሴ ወይም ባቲ ቀትር ላይ አየሩ ሲታፈን፣ ዝንብ አልነሳም ሲል፣ ሽማግሌዎች ወደ ሰማይ ያያሉ። ከዚያ ደመናው ፀሐይን ይሸፍናል፤ ጠብታው ሲወርድ በመንገድ እየተነነ አየሩን ያበርዳል፤ ከላይ ያለውንም ቀዝቃዛ አየር ይዞ ይወርዳል። አልሐምዱሊላህ እንላለን። በማግስቱ ግን ፀሐይ ስትወጣ እርጥቡ መሬት ይተንናል። የፀሐይዋ ጉልበት ግማሹ ውሃ በማትነን ስለሚያልቅ ቴርሞሜትሩ ከትናንት በስቲያ ያነሰ ያሳያል፤ ሰው ግን "ከትናንት በስቲያ ይሻል ነበር" ይላል። ሰውየው አላበደም። ዲግሪው ወርዶ እርጥበቱ ወጥቶ ነው። ዝናቡ ደጋግሞ እስኪያርስ ድረስ ይኸው ነው።

ጅዳና ደማም ያለው እርጥበት ግን ከባሕር የሚመጣ ነው፤ በሶይፍ ዝናብ አያስከትልም። የጅዳ ዝናብ ሲመጣ በኅዳርና በታኅሣሥ አካባቢ ነው። እህቶቻችን ለሦስት ለአራት ወር የሚኖሩት እኛ ዝናብ ሊጥል ሲል ለአንድ ሰዓት የምንጨነቅባት አየር ውስጥ ነው። ዝናቡ ግን አይመጣም። (የዑማኗ ሰላላህ ብቻ ትለያለች። እዚያ በዚያው ወቅት ካፊያው አይቋረጥም፤ ሙቀቱም 25 አካባቢ ስለሚቆይ የባሕረ ሰላጤው ሰው ለመናፈስ ይጎርፍባታል። እርጥበት ብቻውን ጠላት አለመሆኑን ከዚህ እንረዳለን፤ ጠላት የሚሆነው ከሙቀት ጋር ሲጋባ ነው።)

የዚያ አገር መንግሥታት ችግሩን አያውቁትም ማለት አይቻልም። ሳዑዲ ከሰኔ 15 እስከ መስከረም 15፣ በእነሱ አቆጣጠር፣ ከቀኑ 6 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ፀሐይ ላይ መሥራትን ከልክላለች። ኢማራትም ተመሳሳይ ሕግ አላት። ቀጠር የተከለከለውን ሰዓት አስረዝማ፣ እርጥበትንም የሚቆጥር መለኪያ ከ32.1 ካለፈ ሥራ በየትኛውም ሰዓት እንዲቆም አዛለች። ይህ መልካም ነው፤ በተለይ የቀጠሩ እርጥበትን ስለቆጠረ። ግን ሁሉም የተጻፈው ሜዳ ላይ ለሚሠራ ሰው ነው። የሰው ቤት የምትሠራ እህት ፀሐይ ላይ አይደለችም፤ ሕጉ በር ላይ ይቀራል። ሳሎኑ መከይፍ አለው፣ መኝታ ቤቱ አለው፤ ማድ ቤቱ የለውም። ጣሪያ ላይ የተሠራችው የእሷ ክፍልም ብዙ ጊዜ የላትም። ባሕር ዳር ደግሞ ሌሊት እፎይታ አያመጣም። ባሕሩ ራሱ የሞቀ ስለሆነ ማታ የዲግሪው ቁጥር ትንሽ ሲወርድ እርጥበቱ ይወጣል። በሰኔ 2018 በፈረንጆች የዑማኗ ቁረያት ከተማ አንድ ሙሉ ቀንና ሌሊት ከ42.6 ዲግሪ በታች ሳትወርድ አድራለች። ቀን የሞቀ ገላ ሌሊት ካልበረደ በማግስቱ የሚጀምረው ከዜሮ አይደለም፤ ድካም ይጠራቀማል። በሦስተኛው ቀን የምትወድቀው ለዚህ ነው።

ከሁሉ በላይ ልናገር የፈለግሁት የምትወድቅበትን ሰዓት ነው።

አንድ እህት በኢሞ ደወለችልን። ጅዳ ያለች የአጎቷ ልጅ ቀኑን ልብስ ስትተኩስ ውላ ማታ ትለፈልፋለች አለች። የሰው ስም ትሳሳታለች፣ ልብሷን ልትጥል ትታገላለች፣ ገላዋ እንደ ምጣድ ይፋጃል። "ጂን ነው፣ ባባ፤ በስልክ ቅሩባት" አለች እያለቀሰች። አጠገቤ የነበሩት ሸይኻችን መጀመሪያ የጠየቁት "የተኛችበት ክፍል መከይፍ አለው?" ብለው ነው። የለውም። "በይ ውሃ አፍስሱባት፤ አንዷ አምቡላንስ ትጥራ፤ እኔ እዚህ እቀራለሁ" አሏት። ልጅቷ አልሐምዱሊላህ ተርፋለች። ሁሉም ስልክ ግን እንዲህ በጊዜ አይደወልም። "ሦስት ቀን ተቀራላት፣ አልለቀቃትም" ተብሎ የሚጀምር ወሬም እንሰማለን።

ሩቅያን የምቃወም እንዳይመስላችሁ። ሩቅያ በሱንና የጸና ነው፤ እኔም ሰው ላይ እቀራለሁ። ጂን መኖሩንም የሚክድ ሙስሊም የለም። ግን ሙቀት የመታው ሰው መገለጫና ሰዎች "ያዛት" የሚሉት መገለጫ በጣም ይቀራረባል። መዘላበድ፣ መታገል፣ ዓይን መገልበጥ፣ መንቀጥቀጥ፣ ራስን መሳት፤ የሰውነት ሙቀት 40ን ሲያልፍ አንጎል ሲጎዳ የሚመጣው ይህ ነው። ዐረቦቹ ደርበት ሸምስ፣ የፀሐይ ምት ይሉታል። ስሙ ያሳስታል፤ ፀሐይ ያላየ ሰው ማድ ቤት ውስጥ፣ በሌሊትም ይመታል። "ላብ አላት፣ እንግዲህ ሙቀት አይደለም" የሚባለውም ትክክል አይደለም። በወበቅ የተመታ ሰው በላብ ተዘፍቆ ሊገኝ ይችላል፤ ላቡ አልደረቀምና።

በዚያ ሰዓት ቅደም ተከተሉ ነፍስ ያድናል ወይም ያጠፋል። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ትኩሳትን በውሃ እንድናበርድ አስተምረውናል፤ ሐዲሱ በቡኻሪም በሙስሊምም አለ። በመጨረሻ ሕመማቸው ጊዜ ደግሞ የሰባት አቁማዳ ውሃ እንዲፈስባቸው ማዘዛቸውን እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) አውርተዋል። ከፍጥረት ሁሉ በላጩ ሰው ውሃ ካስፈሰሱ፣ "ውሃ ማፍሰስ የየቂን ማነስ ነው" የሚለው ከየት መጣ? ቁርኣን እየተቀራ ውሃ ማፍሰስ ይቻላል። የሚከለክል ዓሊም አላውቅም።

እንግዲህ፦ ወደ ቀዘቀዘ ክፍል አውጧት። ዐባያዋንና ጠባብ ልብሷን አላሉ፤ ሴቶች ካሉ እነሱ ያድርጉት፣ ከሌሉ ግን ነፍስ ማዳን ይቀድማል፣ ዶሩራ ነው። ውሃ አፍስሱ፣ ማራገቢያ አድርጉ፤ ያፈሰሳችሁት ውሃ የሚተነው ያን ጊዜ ነው። በረዶ ካለ በጨርቅ አድርጋችሁ አንገቷ፣ ብብቷና ብሽሽቷ ላይ አኑሩ። ራሷን ካላወቀች ምንም አታጠጡ፣ ዘምዘምም ቢሆን፤ ወደ ሳንባዋ ይገባል። ፓራሲታሞል አይሠራም፤ ይህ የኢንፌክሽን ትኩሳት አይደለም። አምቡላንስ ጥሩ። ከዚህ በፊት ያለው ደረጃ፣ ማለትም ራስ ምታት፣ የጡንቻ መኮማተር፣ ማቅለሽለሽ ሲጀምር ደግሞ ማረፍ፣ መቀዝቀዝና ጨውም ውሃም መውሰድ ነው። እኛ አገር ለምለም የምንለው ዱቄት እዚያም ፋርማሲ ውስጥ አለ።

ሁለተኛው የተሳሳተ ፍርድ "ስንፍና" የሚለው ነው። ማዳሟ ትለዋለች፤ የሚያሳዝነው ቤተሰብም መድገሙ ነው። "ሌላው ይሠራል፣ አንቺ ምን ሆንሽ?" ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) አገልጋዮቻችሁ ወንድሞቻችሁ ናቸው፣ ከዐቅማቸው በላይ አትጫኑዋቸው፣ ከጫናችሁም አግዙዋቸው የሚል ትርጉም ያለው ሐዲስ ትተውልናል። ዐቅም ደግሞ አየሩ ይለውጠዋል። በጥር ዐቅሟ የሆነ ሥራ በነሐሴ ዐቅሟ አይደለም። ማዳሟን የምትደፍር ልጅ ይህን ሐዲስ በዐረብኛው ብትነግራት መልካም ነው፤ እነሱም ያውቁታል።

ዲናችን ለአየር ቦታ የማይሰጥ የሚመስለው ሰውም አለ። ኢብን ዐባስ (ረ.ዐ) በዝናብ ቀን ሙአዚኑን ሰዎች በቤታቸው እንዲሰግዱ ጥሪ እንዲያደርግ አዘዋል። ሙቀት ሲበረታ ዙህርን እስኪበርድ ማዘግየት የታወቀ ሱንና ነው። በጉዞ ላይ ሙአዚኑ አዛን ሊል ሲነሳ "አብርድ" እየተባለ የኮረብታው ጥላ እስኪታይ መቆየቱን አቡ ዘር (ረ.ዐ) አውርተዋል። የሻፊዒይ ዓሊሞች ይህን ለሞቃት አገርና ከሩቅ ወደ ጀማዓ ለሚመጣ ሰው ነው ብለው ዘርዝረውታል። እንደ እኔ አስተያየት የመዲና ሙቀት ደረቅ ስለሆነ ማዘግየቱ ጥላም ነፋስም ያመጣል፤ ባሕር ዳር ላለ ሰው ግን ማዘግየት ያን ያህል አያበርድለትም፤ እዚያ የሚረዳው ማሳጠር ነው። በ2024 የኢማራት መስጂዶች በሙቀቱ ወራት የጁሙዓ ኹጥባን ከ10 ደቂቃ እንዳያልፍ አድርገዋል። የእኛ ቆላ ከተሞች ኹጥባ ግን በግንቦት ወበቅ፣ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ ግቢው ሞልቶ እያለ 45 ደቂቃ ይሄዳል። ለኹጥባ አድራጊዎቻችን ካለኝ አክብሮት ጋር፣ ከኋላ ሶፍ ያሉትን ሽማግሌዎች አንድ ጊዜ ዞር ብለው ይዩ።

ለሚሄዱት በሚሰጠው የቅድመ ጉዞ ሥልጠና ስለ ካውያ፣ ስለ ቫኪዩምና ስለ ዐረብ ምግብ ይነገራል። ስለ ወበቅም ግማሽ ሰዓት ይጨመር። መስጂዶቻችንም የሚሸኙትን ሲሸኙ ከዱዓው ጋር ይንገሯቸው፤ ይህ ገንዘብ አይጠይቅም።

ቤተሰብ ደግሞ በኢሞ ሲደውል "ሙቀቱ ስንት ነው?" ከማለት እነዚህን ይጠይቅ፦ የምትተኚበት ክፍል መከይፍ አለው? ማታ ላብሽ ይደርቃል? ሽንትሽ ጠቁሯል? ማድ ቤቱ መስኮት አለው? ስትሠሪ ውሃ አጠገብሽ ነው? በመጀመሪያው ሳምንት ስንት ሰዓት ሠራሽ? አዲስ የሄደ ሰው ገላ ለመላመድ ወደ ሁለት ሳምንት ይፈልጋልና የመጀመሪያዎቹን ቀናት አጥብቃችሁ ተከታተሉ።

የአምቡላንስ ቁጥሮቹ እነዚህ ናቸው፦ ሳዑዲ 997፣ ኢማራት 998፣ ቀጠር 999፣ ኩዌት 112። ዛሬውኑ በድምፅ አድርጋችሁ ላኩላቸው፤ ማንበብ የማይችሉ አሉና።